ፎቶው ቤቴን ተናገረብኝ

ደብዳቤ

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከደብረ ማርቆስ ነው። ዕድሜዬ 27 ነው። ከእናቴ፣ ከታናሽ ወንድሜና ከአራት ዓመት ልጄ ጋር እኖራለሁ። ቀሚስ እየጠለፍሁ በቴሌግራም እሸጣለሁ። ሱቅ የለኝም። የቤቴን አድራሻ ለማንም ደንበኛ ሰጥቼ አላውቅም። ዕቃ የማስረክበው መነኻሪያው አካባቢ ነው። ለሩቅ ሰው ደግሞ በአውቶቡስ እልካለሁ።

ከወር በፊት አንድ ሰው "ጥልፉ በደንብ አልታየኝም፣ ጥራቱ እንዳይቀንስ በፋይል ላኪልኝ" አለኝ። ስድስት ፎቶ ላክሁለት። በሁለተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ በራችን ተንኳኳ። እሱ ነው። "እንዴት አወቅህ?" ስለው "ፎቶሽ ነው የመራኝ" ብሎ ሳቀ። ክፉ ነገር አልተናገረም። እናቴ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በሩን ሁለቴ ነው የምትቀረቅረው። ወንድሜ "ንግዱን ተይው፣ ቻናሉንም ዝጊው" ይለኛል።

እኔ ፎቶ ሳነሳ ዳታ እንኳ አልከፍትም። ታዲያ በምን አወቀ? የላክኋቸውን ፎቶዎችስ ምን ላድርግ? ቻናሌ ላይ ከ300 በላይ ፎቶ አለ። እህቴ ዐረብ አገር ናት፤ የልጄን ፎቶም እልክላታለሁ። እባክዎ ይምከሩኝ።»

መልስ

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽስ እንዴት ናቸው? ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት። በሩን ሁለቴ ይቀረቅራሉ ያልሽው ላይ ስደርስ ሆዴ ባባ።

ከሁሉ በፊት ይህን ስሚኝ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። አንቺ አድራሻሽን አልሰጠሽም። ያልተሰጠውን አድራሻ ፈልፍሎ ያወጣው፣ ሳይደውል፣ ሳያስታውቅ፣ ለዓይን ሲይዝ የመጣው እሱ ነው። በእኛ አገር እንግዳ ክቡር ነው። ግን እንግዳ የሚባለው ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ተጣርቶ፣ «ይግቡ» ሲባል የሚገባው ነው። «ፎቶሽ ነው የመራኝ» ብሎ ደጅሽ ላይ የሚስቅ ሰው እንግዳ አይባልም። ክፉ ቃል ባይናገርም እናትሽ የደነገጡት በከንቱ አይደለም።

ንግድሽን ግን አትተዪም። ቻናልሽንም አትዘጊም። ነገሩ የገባበት ቀዳዳ ትንሽ ነው፤ ይደፈናል። እስኪ ቀስ ብዬ ላስረዳሽ።

እናትሽ የድሮ ፎቶ ካላቸው አንዱን አውጪና ገልብጪው። እኔ ይህን ስጽፍልሽ የእናቴን ሳጥን ከፍቼ አንዱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ጥቁርና ነጭ ነው። ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆራረጠ። ፊቱ ላይ ሁለት ሴቶች ቆመዋል፤ ከኋላቸው የፎቶ ቤት መጋረጃ አለ። የት እንደተነሱ ፊቱን አይተሽ አታውቂም። ስገለብጠው ግን በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለማስታወሻ ያህል ለምወድሽ እህቴ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ሐምሌ 12 ቀን 1969 ዓ.ም.» ይላል። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ግን ይነበባል።

የስልክ ፎቶም እንደዚሁ ጀርባ አለው። ልዩነቱ፣ ጀርባው ላይ የሚጽፈው ስልኩ ራሱ ነው። ካሜራውን መጀመሪያ የከፈትሽ ቀን «ቦታውን ልመዝግብ?» ብሎ አንድ ጊዜ ይጠይቃል። ያን ጊዜ አብዛኞቻችን ሳናነብ «እሺ» ብለን እናልፈዋለን። ከዚያ ወዲያ አይጠይቅም። ዝም ብሎ በእያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ ላይ ይጽፋል።

ይህ ጽሑፍ ኤግዚፍ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1995 ጃፓን ውስጥ የወጣ የአጻጻፍ ደንብ ነው። ሲጀመር ለፎቶ አንሺዎች ጥቅም ነበር። ካሜራው ምን ያህል ብርሃን እንዳስገባ፣ መዝጊያው በምን ያህል ፍጥነት እንደተከፈተ፣ ብልጭታው በርቶ እንደነበር ይመዘግባል። ጎበዝ ፎቶ አንሺ ያንን አይቶ ከስህተቱ ይማራል። በኋላ ስልኮች ያሉበትን ቦታ የሚያሰላ ጂፒኤስ ሲገባላቸው የቦታው መስመር በየፎቶው ይሞላ ጀመር። ዛሬ አንድ ፎቶ የስልኩን ስምና ሞዴል፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን እስከ ሰከንዱ፣ አንዳንዴም የታረመበትን ሶፍትዌር ይይዛል። ሎኬሽን ከበራ ደግሞ የቆምሽበትን ቦታና ከፍታውን ይጨምራል። አንዳንድ ስልክ ካሜራው ወደየት አቅጣጫ ዞሮ እንደነበር ሁሉ ይጽፋል።

በወሬ ብቻ እንዳይሆንብሽ ዛሬ ጠዋት ራሴ ሞከርሁት። ባሕር ዳር፣ ቤቴ በረንዳ ላይ ሆኜ የቡና ሲኒዬን አነሳሁ። ፎቶው ላይ ሲኒና ማስቀመጫው ብቻ ነው የሚታየው። ዛፍ የለ፣ በር የለ፣ ሰው የለ። ከዚያ ጀርባውን አነበብሁት። ሰዓቱ 07:42 ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1:42 መሆኑ ነው። ቀኑም በፈረንጅ ነው የተጻፈው። ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ። ቦታው በሰሜን 11 ዲግሪ ከ35 ደቂቃ፣ በምሥራቅ 37 ዲግሪ ከ23 ደቂቃ። ሰከንዶቹን ግን አልነግርሽም። ለምን እንደሆነ አሁን ይገባሻል።

ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ሲለካ አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከባሕር ዳር ተነስተሽ አንድ ዲግሪ ወደ ደቡብ ብትወርጂ በደንበጫ ትይዩ ትደርሻለሽ። እዚህ ደቂቃና ሰከንድ የምለው የሰዓቱን አይደለም፤ ዲግሪው ለስልሳ ሲከፈል ደቂቃ፣ ደቂቃው ለስልሳ ሲከፈል ሰከንድ ይባላል። አንዷ ደቂቃ ሁለት ኪሎ ሜትር አትሞላም። አንዷ ሰከንድ ደግሞ 30 ሜትር ገደማ ናት። እንግዲህ ዲግሪው «ጎጃም ውስጥ ናት» ይላል። ደቂቃው ሰፈሩን ይናገራል። ሰከንዱ በሩን ያሳያል። ስልኩ ደግሞ ሰከንዱንም ሸንሽኖ ነው የሚጽፈው። ደጅ ላይ፣ ሰማዩ ክፍት ሆኖ ሲነሳ የስልክ ጂፒኤስ የሚሳሳተው አምስት ሜትር ያህል ነው። እኔ ካርታውን ስነካው ምልክቱ ጓሮዬ ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር አረፈ። ዛፉ ከበረንዳዬ ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው።

ያ ሰው ያየው ይህንን ነው። ከቀሚሱ ፎቶ ላይ ካርታውን ከፈተ። መንገዱን ተከትሎ መጣ። ምንም የተለየ ሙያ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። «ዳታ እንኳ አልከፍትም» ብለሻል። ይህን የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ ለዚህ ነው ረዘም አድርጌ የምመልሰው። ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይፈልግም። ሲም ካርድም አይፈልግም። ከምድር 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚዞሩ ሳተላይቶች ምልክት ይልካሉ፤ ስልኩ ያንን ሰምቶ ያለበትን ቦታ ራሱ ያሰላል። ኔትወርክ በሌለበት፣ ጮቄ ተራራ ላይ ብትሆኚም ያሰላል። ዳታ መዝጋት ካርታው ሥዕሉን እንዳያወርድ ያደርግ ይሆናል እንጂ ፎቶሽ ቦታውን እንዳይጽፍ አያደርግም። መዘጋት ያለበት ሌላ ነው። እሱን አሁን አሳይሻለሁ።

ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ልብ በይ። ቻናልሽ ላይ ያን ሁሉ ፎቶ ለጥፈሽ ማንም ቤትሽ አልመጣም። የመጣው በፋይል የላክሽለት ሰው ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ተራ ፎቶ ስትልኪው ያሳንሰዋል። ፊቱን እንደገና ይቀዳዋል፤ ጀርባውን ግን አይቀዳም። ስለዚህ ለተቀባዩ የሚደርሰው ባዶ ጀርባ ነው። በፋይል ስትልኪው ግን ምንም አይነካውም። ጥራቱም እንዳለ ይሄዳል፣ ጀርባውም እንዳለ ይሄዳል። ዋትስአፕም እንደዚሁ ነው፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጠፋል፣ እንደ ዶክመንት ሲላክ ይቀራል። በኢሜይል፣ በብሉቱዝ፣ በዜንደር፣ በሚሞሪ ካርድ የሚሄድ ፎቶ ሁሉ ጀርባውን ይዞ ነው የሚሄደው። ፌስቡክ ላይ የተለጠፈውን ፎቶ ጀርባ ተመልካች አያየውም፤ ኩባንያው ግን ስትጭኚው ይደርሰዋል።

«በፋይል ላኪልኝ» ያለሽ ሰው ሁሉ ተንኮለኛ ነው አልልሽም። አብዛኛው ደንበኛ የሚፈልገው ጥልፉን ማየት ነው። ያም ሰው ሲጠይቅሽ አስቦት ይሁን አይሁን ልቡን አላይለትም። ካርታውን አይቶ ደጅሽ ድረስ መምጣቱ ግን የራሱ ምርጫ ነው።

እኔም ይህን የተማርሁት በሚያሳፍረኝ መንገድ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ብራና መጻሕፍት ልጽፍ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ወደ አንድ ደብር ሄጄ ነበር። ቄሰ ገበዙ ከዕቃ ቤት አንድ መጽሐፍ አውጥተው ከዋርካ ሥር አሳዩኝ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነው። ጨርቁን ሲፈቱት እጃቸው ይጠነቀቃል፤ ልጅ የሚያወጡ ነው የሚመስሉት። «አንሺው፤ ግን የት እንዳለ አትጻፊ። ሌባው በዝቷል» አሉኝ። ቃል ገባሁላቸው። በጽሑፌ ውስጥ የደብሩን ስም አላነሳሁም። ወረዳውንም አልጠቀስሁም። ፎቶዎቹን ግን ለሚያትመው ሰው በኢሜይል ላክሁ። በማግስቱ ደወለና «ይሄ እገሌ ደብር አይደለም እንዴ?» አለኝ። ስሙን በትክክል ጠራው። ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ ሲከፍት ካርታው አብሮ ወጥቶለታል። ታማኝ ሰው ስለነበር ነገሩ በዚያው ቀረ። እኔ ግን ዛሬም የቄሰ ገበዙ ፊት ይመጣብኛል። ቃሌን በአፌ ጠብቄ በስልኬ አፈረስሁት።

በዓለም የታወቀ ሰውም በዚህ ተይዟል። ጆን ማካፊ በኮምፒውተር ቫይረስ መከላከያው ስሙን የተከለ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 ቤሊዝ በምትባል የመካከለኛው አሜሪካ አገር ፖሊስ ለጥያቄ ሲፈልገው ተሸሽጎ ነበር። አብረውት የነበሩ ጋዜጠኞች አንድ ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ አወጡ። ፎቶው በአይፎን የተነሳ ነበር፤ ጀርባው ላይ ግን በጎረቤት አገር በጓቲማላ የተሸሸገበት ቦታ ተጽፏል። ጥቂት ቀን ሳይቆይ እዚያው ጓቲማላ ተያዘ። ስለዚህ «እንዴት አላወቅሁም» ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ።

በይ አሁን ስልክሽን አንሺ።

መጀመሪያ ከዛሬ ጀምሮ የምታነሺው ፎቶ ቦታ እንዳይጽፍ አድርጊ። ካሜራውን ክፈቺ። ጥርስ ያለው ጎማ የሚመስለውን የሴቲንግ ምልክት ንኪው። ወደ ታች ስትወርጂ «ሎኬሽን» ወይም «ሎኬሽን ታግስ» ወይም «ሴቭ ሎኬሽን» የሚል ታገኛለሽ። አጠፋፉ በሳምሰንግም፣ በቴክኖም፣ በሌላውም አንድሮይድ ይመሳሰላል፤ ስሙ ብቻ ትንሽ ይለያያል። አጥፊው። አይፎን ከሆነ ከካሜራው ውስጥ አይደለም፤ ወደ ሴቲንግ ገብተሽ፣ ፕራይቬሲ የሚለውን፣ ከዚያ ሎኬሽን ሰርቪስስ፣ ከዚያ ካሜራ የሚለውን ከፍተሽ «ኔቨር» ላይ አድርጊው። ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከዚህ መልስ ውስጥ አንዱን ብቻ የምታደርጊ ከሆነ እሱን አድርጊ። ቪዲዮም የተነሳበትን ቦታ ስለሚመዘግብ በዚሁ አብሮ ይዘጋልሻል።

ከዚህ በፊት ያነሳሻቸውን ግን ይህ አያጸዳቸውም። እነሱን አንድ በአንድ ማየት ነው። ጎግል ፎቶስ ካለሽ ፎቶውን ክፈችና ወደ ላይ ጎትቺው፤ ቀኑ፣ የስልኩ ስም፣ ቦታ ካለበትም ካርታው ይወጣል። የሳምሰንግ ጋለሪም ወደ ላይ ሲጎተት ያሳያል። አይፎን ላይ ከታች ያለችውን የ«አይ» ምልክት መንካት ነው።

ለመሰረዝ፣ በሳምሰንግ ጋለሪ ዝርዝሩ ላይ «ኤዲት» ብለሽ ከቦታው ጎን ያለችውን የመቀነስ ምልክት ነክተሽ «ሴቭ» ትያለሽ። በአይፎን ፎቶውን ልትልኪ ስትዪ ከላይ «ኦፕሽንስ» የሚል አለ፤ እዚያ ውስጥ ሎኬሽንን ታጠፊያለሽ። ሌላ ስልክ ከሆነ ስክራምብልድ ኤግዚፍ የሚባል ነጻ አፕ አለ። ፎቶውን መጀመሪያ ለእሱ ሼር ታደርጊዋለሽ፤ እሱ ጀርባውን ፍቆ ለፈለግሽው ያስተላልፍልሻል። ወንድምሽ ኮምፒውተር ካለው ደግሞ በዊንዶውስ ፎቶውን በቀኝ ተጭኖ «ፕሮፐርቲስ»፣ ቀጥሎ «ዲቴይልስ» ይበል። ከታች የግል መረጃን አስወግድ የሚል መስመር አለ። ብዙ ፎቶ አንድ ላይ መርጦም ይሠራል፤ ላንቺ ይህ ነው የሚያዋጣው።

አፕም ኮምፒውተርም ከሌለ ስክሪንሾት አንሺው። ስክሪንሾቱ አዲስ ሥዕል ነው። የዋናው ፎቶ ቦታ አይገባበትም። ጥራቱ ግን ይወርዳል፤ ለጥልፍ አይሆንም።

አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ አፕ ላይ ቦታውን ስትሰርዢ የሚጠፋው ከማሳያው ብቻ ይሆንና ከፋይሉ ውስጥ አይጠፋም። ስለዚህ ዓይንሽን ሳይሆን ሙከራውን እመኚ። ያጸዳሽውን ፎቶ በቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ ለራስሽ በፋይል ላኪው። መልሰሽ አውርጂው። ያወረድሽውን ከፍተሽ ጀርባውን እዪ። ካርታ ካልወጣ ጸድቷል።

ወደ ቻናልሽ እንሂድ። 300 ፎቶ ብለሽ አትደንግጪ። እንደ ተራ ፎቶ የተለጠፈው ሁሉ ጀርባ የለውም፤ አትንኪው። የምትፈልጊው በፋይል የተለጠፈውን ነው። የቻናሉን ስም ስትነኪው «ሚዲያ»፣ «ፋይልስ» እያለ ይከፍለዋል። ፋይልስ የሚለውን ክፈቺ። እዚያ የተዘረዘረ ፎቶ ካለ ሰርዢውና እንደ ተራ ፎቶ መልሰሽ ለጥፊው። ምናልባት አሥርም ላይሞላ ይችላል።

ለዚያ ሰው የላክሻቸውስ? እውነቱን ልንገርሽ። ስልኩ ላይ ካስቀመጣቸው ማንም አያስመልሳቸውም። ቢሆንም ሰርዣቸው፤ ቴሌግራም ከሁለታችሁም በኩል እንዲጠፋ ያደርጋል። ከመሰረዝሽ በፊት ግን ንግግራችሁን ከላይ እስከ ታች ስክሪንሾት አንሺ። «በፋይል ላኪልኝ» ያለበት ቀንና ስሙ እንዲታይ አድርጊ። ከዚያ ለወንድምሽ ላኪለት፤ በሁለት ሰው እጅ ይቀመጥ። ሰውየው ደግሞ ብቅ ካለ በሩን አትክፈቺ። ጎረቤት ጥሪ፣ ለፖሊስም አመልክቺ። ጎረቤቶችሽ ደግሞ ዛሬውኑ ይወቁት። እንዲህ ያለ ነገር በጓዳ ሲያዝ ነው የሚከብደው።

ስለ ንግድሽ አንድ ሐሳብ አለኝ። ደንበኛ ጥልፉን ማየት ሲፈልግ ሙሉ ቀሚሱን በፋይል ከመላክ፣ ቀርበሽ አንሺው። የደረቱን ጥልፍ ለብቻ፣ የእጅጌውን ለብቻ፣ የታችኛውን ጠርዝ ለብቻ። ቴሌግራም ተራ ፎቶን ሲያሳንስ በረጅሙ ጎን 1280 ነጥብ (ፒክሰል) ያህል ይተውለታል። ሙሉ ቀሚስ ሲሆን ያ ሁሉ ነጥብ ለቀሚሱ ይከፋፈላል፤ ስፌቱ ይደበዝዛል። መዳፍ የምታህል ጥልፍ ስታነሺ ግን ነጥቡ ሁሉ ለእሷ ነው። ክሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። እኔ በነጠላዬ ጥለት ላይ ሞክሬው በፋይል ከመላክ የሚተናነስ ሆኖ አላገኘሁትም። አሁንም በፋይል ካልሆነ ለሚል ሰው ያጸዳሽውን ላኪለት።

ፎቶው ፊት ላይ ያለውን ደግሞ አትርሺ። ጀርባውን ብትፍቂው ፊቱ ላይ የቀረ ነገር ይናገራል። ብዙ ጠላፊዎች ቀሚሱን በር ላይ ሰቅለው ሲያነሱ አያለሁ። ከበሩ ላይ የቤት ቁጥሩ ታፔላ አለ። በመስኮቱ በኩል የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ይታያል። የማርቆስ ልጅ ጉልላቱን አይቶ ከየት በኩል እንደተነሳ ያውቀዋል፤ ካርታ አያስፈልገውም። ሁለት ሜትር አቡጀዴ ገዝተሽ ግድግዳው ላይ ወጥሪና ሁልጊዜ እሱ ላይ ሰቅለሽ አንሺ። ጥልፉም ይበልጥ ይጎላል። የፎቶውን ጎን ቆርጠሽ የምታወጪ ከሆነም መቁረጥሽን ብቻ አትመኚ፤ አንዳንድ ማረሚያ ከጀርባው ያለችውን የዋናውን ፎቶ ትንሽ ቅጂ ሳይቆርጥ ይተዋታል። እንደ ተራ ፎቶ ከላክሽው እሷም ትጠፋለች።

የልጅሽ ፎቶ ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። ለእህትሽ መላክሽን አታቁሚ፤ በስደት ላለች አክስት የልጅ ፎቶ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እንደ ተራ ፎቶ ላኪላት። አሳትማ ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው ከፈለገች ያጸዳሽውን ፋይል ስጫት። ልጅሽ ትምህርት ቤት ስትጀምር በዩኒፎርም የተነሳችውን ለቻናልም ለማንም አትለጥፊ። እህትሽም ሳትጠይቅሽ ለሌላ እንዳታስተላልፍ ንገሪያት። ይህን ስትነግሪያት ቅር አይላትም፤ ቢላትም ይሁን።

ስታጸጂ ዋናውን ፎቶ አታጥፊ። ጀርባው ላንቺ ይጠቅምሻል። ልጅሽ መጀመሪያ የተራመደችበትን ቀንና ሰዓት የሚያስታውስሽ እሱ ነው። ማሳው በበረዶ የተመታ ገበሬም መቼና የት እንደደረሰበት ፎቶው ይመሰክርለታል። ያ ሰው ተመልሶ ቢመጣና በመስኮት አድርገሽ ብታነሺው፣ ሎኬሽኑን አብርተሽ አንሺው፤ ያን ጊዜ ጀርባው እንዲናገር ነው የምንፈልገው። የሚጸዳው ከእጅሽ የሚወጣው ቅጂ ብቻ ነው።

ወንድምሽን አትቆጪው። ፈርቶልሽ ነው። «ንግዱን ተይው» ከሚልሽ ይልቅ ሥራ ስጪው። ፋይልስ የሚለውን ከፍቶ ቻናሉን እሱ ይፈትሽ። በየሳምንቱ አንድ ፎቶ ለራሱ ልኮ ጀርባውን እሱ ይይ። ለእናትሽም የድሮውን ፎቶ ገልብጠሽ አሳያቸው። «ሰውየው የመጣው በዚህ ነው፣ አሁን ፍቀነዋል» በያቸው። ነገሩ በምን እንደመጣ ሳያውቁ በሩን ሁለቴ ቢቀረቅሩም እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ዛሬ ማታ የካሜራውን ሎኬሽን አጥፊና አንድ ቀሚስ አንሺ። ለራስሽ በፋይል ላኪው፤ አውርጂና እዪው። ካርታው አሁንም ከወጣ የስልክሽን ዓይነት ጽፈሽ ላኪልኝ። አብረን እናየዋለን። እናትሽን ሰላም በይልኝ።